ጋብቻና ወረቀት፦ በትዳር ስለሚገኝ የመኖሪያ ፈቃድና ዜግነት ማወቅ የሚገባን

«ፓስተር፣ ሲቲዝን ነውና ባገባው ወረቀቴ ቶሎ ይወጣልኛል?» «ባለቤቴ ግሪን ካርድሽን አስነጥቅሻለሁ ይለኛል፤ ይችላል ወይ?» «ለኢሚግሬሽን የምናስገባው ደብዳቤ ከቤተ ክርስቲያን ይጻፍልን።» በአሜሪካ በሚገኙ የኢትዮጵያውያን አብያተ ክርስቲያናት ለሚያገለግሉ ወገኖች እነዚህ ጥያቄዎች እንግዳ አይደሉም። የሚያሳዝነው ግን ብዙ ጊዜ የሚጠየቁት ነገሩ ካለፈ በኋላ መሆኑ ነው፤ ቀለበቱ ከታሰረ፣ ፎርሙ ከተፈረመ ወይም እንባው ከፈሰሰ በኋላ።

በዚህ ጽሑፍ የአሜሪካ ዜጋ በማግባት የመኖሪያ ፈቃድና ዜግነት እንዴት እንደሚገኝ፣ ሕጉ ምን እንደሚጠይቅ፣ እኛ አማኞችና የቤተ ክርስቲያን መሪዎችስ ምን ልናደርግ እንደሚገባን እንመለከታለን። ከሁሉ አስቀድሞ አንድ ነገር ልብ እንበል። ሕጉ ወረቀት የሚሰጠው ለቀለበቱ ወይም ለሠርጉ ፎቶ ሳይሆን ለእውነተኛ የጋራ ሕይወት ነው። ስለዚህ ወረቀት በገንዘብ የሚገዛ ዕቃ አይደለም፤ የትዳር ጓደኛን የምናስፈራራበት ጅራፍም አይደለም።

ዜግነት ከቀለበት ጋር የሚመጣበት ዘመን አልፏል

ብዙዎች «ሲቲዝን ያገባ ሲቲዝን ይሆናል» ብለው ያስባሉ። ይህ በአንድ ወቅት እውነትነት ነበረው። እ.ኤ.አ. በ1855 የወጣ የአሜሪካ ሕግ አሜሪካዊ ወንድ ያገባች፣ ለዜግነት ብቁ የሆነች የውጭ አገር ሴትን በጋብቻው ምክንያት ዜጋ ያደርጋት ነበር። በአንጻሩ በ1907 የወጣው ሕግ የውጭ አገር ሰው ያገባችውን አሜሪካዊት ዜግነቷን ያሳጣት ነበር። የሴቲቱ ዜግነት የባሏ ጥላ ነበር ማለት ነው። የኬብል ሕግ የሚባለው የ1922 ሕግ የሚስትን ዜግነት ከባሏ ዜግነት መለየት ጀመረ። ዛሬ ጋብቻ በሩን ይከፍታል እንጂ ማንንም በአንድ ጀንበር ዜጋ አያደርግም።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በ1945 የወጣ ሕግ የአሜሪካ ወታደሮች በውጭ አገር ያገቧቸውን ሰዎች ወደ አገር እንዲያስገቡ ፈቀደ። በዚህ ሕግ ተጠቅመው ለስም ብቻ በማግባት ሰው ያስገቡ ነበሩ፤ ጉዳያቸውም እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ደረሰ። ፍርድ ቤቱ በ1953 በሰጠው ውሳኔ ተጋቢዎቹ እንደ ባልና ሚስት አብረው ለመኖር ሳያስቡ የፈጸሙት ሥርዓት ከጥፋት እንደማያድናቸው አስታወቀ። እስከ ዛሬም መርማሪዎች የሚጠይቁት መሠረታዊ ጥያቄ ይኸው ነው፤ «ስትጋቡ አብሮ ለመኖር አስባችሁ ነበር ወይ?»

እዚህ ላይ ሕሊናቸው የሚወቅሳቸውን እውነተኛ ባለትዳሮች ማረጋጋት ያስፈልጋል። በፍቅር የተጋቡ ሰዎች ከጋብቻው ወረቀትም ማግኘታቸው ወንጀል አይደለም። ወንጀል የሚሆነው ወረቀቱ ብቻ ተፈልጎ ትዳሩ የውሸት ሲሆን ነው።

መንገዶቹ የትኞቹ ናቸው?

አንደኛ፣ የትዳር ጓደኛው ከአሜሪካ ውጭ ሲሆን። ዜጋው አይ-130 የተባለውን ማመልከቻ ለኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት ያስገባል። ማመልከቻው ሲጸድቅ ጉዳዩ ወደ ብሔራዊ የቪዛ ማዕከል ይሄዳል፤ ከዚያም ኢትዮጵያ ላለ ሰው በአዲስ አበባ ኤምባሲ ኢንተርቪው ይደረጋል። የዜጋ ባል ወይም ሚስት በዓመታዊ የቪዛ ኮታ አይታሰሩም። ግሪን ካርድ ብቻ ያለው ሰው የሚያመጣው የትዳር ጓደኛ ግን በኮታ ውስጥ ስለሚገባ ተራ ይጠብቃል። ይህን ልዩነት ሳያውቁ «የእገሊት በዓመቷ መጣላት፣ የእኔ ለምን ዘገየ?» እያሉ ትዳር ጓደኛቸውን የሚጠረጥሩ አሉ።

በዚህ መንገድ ላይ ያላችሁ ሁሉ ልታውቁት የሚገባ ሌላ ነገርም አለ። እ.ኤ.አ. በጥር 2026 የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ኢትዮጵያን ጨምሮ ለ75 አገሮች ዜጎች የኢሚግራንት ቪዛ መስጠት ማቋረጡን አስታውቋል። እንዲህ ያለ ውሳኔ ሊነሳም ሊጠብቅም ስለሚችል፣ የሠርግ ቀን ከመቁረጣችሁ፣ ሥራ ከመልቀቃችሁና ቤት ከመሸጣችሁ በፊት ወቅታዊውን ሁኔታ ከኤምባሲው ድረ ገጽ አጣሩ።

ሁለተኛ፣ የእጮኛ ቪዛ። ይህ ኬ-1 የሚባለው ነው። እጮኛሞቹ ማመልከቻው ከመግባቱ በፊት ባሉት 2 ዓመታት ውስጥ ቢያንስ አንድ ጊዜ በአካል መገናኘት አለባቸው፤ ከዚህ ነጻ የሚሆኑት ጥቂት ልዩ ምክንያት ያላቸው ብቻ ናቸው። እጮኛው አሜሪካ ከገባ በኋላ በ90 ቀን ውስጥ ያመለከተለትን ሰው ማግባት ይኖርበታል። ሌላ ሰው አግብቶ በዚያው ቪዛ ግሪን ካርድ ማውጣት አይቻልም። በስልክ ብቻ ተዋውቀው ለሚጋቡ ወጣቶቻችን 90 ቀን አጭር ጊዜ ነው። ስለዚህ የጋብቻ ምክሩ ከአውሮፕላኑ በፊት ይጀመር።

ሦስተኛ፣ ሁለቱም አሜሪካ ሲኖሩ። በሕጋዊ መንገድ በቪዛ የገባ ሰው፣ የቪዛው ጊዜ ቢያልፍበትም እንኳ፣ ዜጋ ሲያገባ በአብዛኛው አገር ውስጥ ሆኖ አይ-485 በተባለው ፎርም ማመልከት ይችላል። ያለ ፍተሻ ድንበር አቋርጦ የገባ ሰው ጉዳይ ግን ከዚህ የከበደ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 በወጣው ሕግ መሠረት ከ180 ቀን በላይ ያለ ፈቃድ የኖረ ሰው ከአገር ከወጣ ለ3 ዓመት፣ 1 ዓመትና ከዚያ በላይ የኖረ ደግሞ ለ10 ዓመት እንዳይመለስ ሊታገድ ይችላል። «አገር ቤት ሄጄ ልጨርስ» ብሎ ጠበቃ ሳያማክር የተነሳ ሰው ልጆቹን ጥሎ ለዓመታት ሊቀር ይችላል።

ልጆች ያሏችሁም አስተውሉ። በዜጋ ማመልከቻ ለእያንዳንዱ ልጅ የየራሱ አይ-130 ይገባል። የእንጀራ ልጅ የሚታወቀው ደግሞ ጋብቻው ልጁ 18 ዓመት ሳይሞላው የተፈጸመ እንደሆነ ነው።

የቤተ ክርስቲያን ሠርግና የመንግሥት መዝገብ

በጉባኤ ፊት ቃል ኪዳን መግባት ክቡር ነገር ነው። ለኢሚግሬሽን ግን ጋብቻው በተፈጸመበት አገር ሕግ የጸና መሆን አለበት። በአሜሪካ ተጋቢዎች ከሠርጉ በፊት ከአካባቢው መስተዳድር የጋብቻ ፈቃድ ያወጣሉ። በኢትዮጵያ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ በክብር መዝገብ ሹም ፊት፣ በሃይማኖት ሥርዓትና በባህል የሚፈጸሙትን ጋብቻዎች ሁሉ ያውቃል፤ በየትኛውም መንገድ ቢፈጸሙ ግን እንዲመዘገቡ ያዝዛል። ዕድሜውም 18 ነው። ሠርጉን አሳምረን ምዝገባውን የምንረሳ ከሆነ ባለትዳሮቹን ለከንቱ እንግልት እንዳርጋቸዋለን። ቀደም ሲል ያገባ ሰውም ፍቺው በፍርድ ቤት ማለቁን የሚያሳይ ማስረጃ ያስፈልገዋል። ሽማግሌዎች ይህን ወረቀት በዓይናቸው ሳያዩ ቀን ባይቆርጡ መልካም ነው።

ስፖንሰርነት ፊርማ ብቻ አይደለም

የትዳር ጓደኛውን የሚያመጣ ሰው አይ-864 በተባለ ሰነድ ላይ ይፈርማል። ገቢው ለቤተሰቡ ቁጥር መንግሥት ከወሰነው የድህነት መለኪያ ቢያንስ 125 በመቶ መሆን አለበት። ገቢው ካልደረሰ ሌላ ሰው አብሮ ስፖንሰር ሊሆን ይችላል። ብዙ ጊዜ በጉባኤ ውስጥ «ወንድሜ፣ ፈርምልኝ፤ ለስሙ ነው» ተብሎ የሚለመነው ይህ ነው።

ለስሙ ግን አይደለም። ይህ በፍርድ ቤት የሚያስጠይቅ ውል ነው። ግዴታው የሚያበቃው የመጣው ሰው ዜጋ ሲሆን፣ ለ40 ሩብ ዓመታት ማለትም 10 ዓመት ለሚያህል ጊዜ የሠራበት ሲቆጠርለት፣ አገሩን ለቆ ሲሄድ ወይም ሲሞት ነው። ፍቺ ይህን ግዴታ አያፈርሰውም። አብሮ የፈረመውም ሰው እንደ ዋናው ይጠየቃል። መጽሐፈ ምሳሌ ለሌላው ዋስ ስለሚሆን ሰው ደጋግሞ የሚያስጠነቅቀው በከንቱ አይደለም። ማገዝ መልካም ነው፤ የሚያግዝ ሰው ግን የሚፈርመውን አንብቦ፣ ከትዳር ጓደኛውም ጋር ተመካክሮ ይሁን።

ሁለቱ የፈተና ዓመታት

እ.ኤ.አ. በ1986 የወጣው ሕግ የውሸት ጋብቻን ለመግታት አዲስ ሥርዓት አመጣ። ግሪን ካርዱ በሚገኝበት ቀን ጋብቻው 2 ዓመት ያልሞላው ከሆነ የሚሰጠው ካርድ ለ2 ዓመት ብቻ የሚቆይ፣ ቅድመ ሁኔታ ያለበት ነው። ካርዱ ከማብቃቱ በፊት ባሉት 90 ቀናት ውስጥ ባልና ሚስት በአንድነት አይ-751 የተባለውን ፎርም ያስገባሉ። ይህን ቀን በቸልታ ማሳለፍ ፈቃዱን ሊያሳጣ ስለሚችል ቀኑን በቤታችሁ ካላንደር ላይ ጻፉት።

መርማሪዎች የሚፈልጉት ተራውን የኑሮ አሻራ ነው። በሁለቱ ስም ያለ የቤት ኪራይ ውል፣ የጋራ የባንክ አካውንት፣ በጋራ የቀረበ የታክስ ሰነድ፣ ኢንሹራንስ፣ የልጆች የልደት ምስክር ወረቀትና በየጊዜው የተነሱ ፎቶዎች ይታያሉ። በኢንተርቪው ላይ እንዴት እንደተዋወቃችሁ፣ ማን ቀድሞ ከእንቅልፍ እንደሚነሳ፣ ያለፈውን በዓል የት እንዳሳለፋችሁ ልትጠየቁ ትችላላችሁ። አብሮ የሚኖር ሰው ይህን አያጠናም፤ ኖሮታልና። እኛ ኢትዮጵያውያን ደግሞ ብዙውን ነገር በቃል የምንጨርስ ሕዝብ ስለሆንን ማስረጃ የመያዝ ልማዳችን ደካማ ነው። ደረሰኛችሁን አትጣሉ።

ዜግነቱስ መቼ ነው?

ግሪን ካርድ ያለው ሰው ለዜግነት ለማመልከት በመደበኛው 5 ዓመት ይጠብቃል። ከዜጋ ጋር በትዳር የሚኖር ሰው ግን በ3 ዓመት ማመልከት ይችላል። ለዚህም 3ቱን ዓመታት ሙሉ ከዚያው የትዳር ጓደኛው ጋር አብሮ መኖር፣ የትዳር ጓደኛውም በዚያ ጊዜ ሁሉ ዜጋ መሆን፣ አመልካቹም ከ3ቱ ዓመት ቢያንስ ግማሹን በአሜሪካ ምድር ማሳለፍ አለበት። የእንግሊዝኛ ቋንቋና የአሜሪካ ታሪክና መንግሥት ፈተናም አለ። ትዳሩ በመካከል ከፈረሰ የ3 ዓመቱ መንገድ ይዘጋል፤ ግሪን ካርዱ ካለ ግን የ5 ዓመቱ መንገድ ክፍት ነው።

በአገራችን በኩል ያለውንም እንወቅ። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት ኢትዮጵያዊ ሰው የውጭ ዜጋ በማግባቱ ዜግነቱን እንደማያጣ ይደነግጋል። በፈቃዱ የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ ሰው ግን በዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 መሠረት ኢትዮጵያዊ ዜግነቱን ይለቃል። ከዚያ በኋላ በአዋጅ ቁጥር 270/1994 መሠረት የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ማውጣት ይችላል። በአንጻሩ ኢትዮጵያዊ ያገባ የውጭ አገር ሰው የኢትዮጵያ ዜግነት ለመጠየቅ ጋብቻው ቢያንስ 2 ዓመት የሞላው፣ ራሱም ከማመልከቱ በፊት ቢያንስ 1 ዓመት በኢትዮጵያ የኖረ መሆን አለበት። የእኛም ሕግ ቢሆን ቀለበትን ብቻ ሳይሆን ኑሮን ይጠይቃል።

የወረቀት ጋብቻ

አሁን ወደ ከበደው ነገር እንምጣ። ገንዘብ ተከፍሎ፣ ወይም «ለዘመድ ነው፣ ምን ችግር አለው» ተብሎ የሚደረግ የውሸት ጋብቻ በመካከላችን የለም ማለት አንችልም። የኢሚግሬሽን ሕግን ለማምለጥ ሆን ብሎ የሚጋባ ሰው እስከ 5 ዓመት እስራትና እስከ 250,000 ዶላር ቅጣት ሊፈረድበት ይችላል። ቅጣቱ ለዜጋውም ለሌላውም ነው። ከዚህ በላይ ደግሞ የውሸት ጋብቻ መፈጸሙ ወይም መሞከሩ የተረጋገጠበት ሰው ከዚያ በኋላ የቤተሰብ ማመልከቻ አይጸድቅለትም። ኋላ ላይ በእውነት ቢወድ፣ በእውነት ቢያገባና ልጆች ቢወልድ እንኳ የቀድሞው ውሸት ይከተለዋል።

በዲቪም የሚደረገው ከዚህ አይለይም። ያገባ ሰው ፎርሙን ሲሞላ የትዳር ጓደኛውንና ልጆቹን እንዲያስመዘግብ ደንቡ ያዝዛል። አንዳንዱ ግን ሚስት እያለችው «ያላገባ» ብሎ ይሞላል። ሌላው ደግሞ ዕጣ የደረሰው ሰው ጋር ተዋውሎ የማያውቃትን ሴት ሚስቴ ይላል። አባታችን አብርሃም በባዕድ አገር ፈርቶ ሚስቱን ሣራን እኅቴ ናት አለ (ዘፍ. 12 እና 20)። ያንን ያደረገው ኑሮውን ለማትረፍ ነበር። ዋጋውን ሊከፍሉ የደረሱት ግን ሣራና ምንም የማያውቁት የንጉሡ ቤተ ሰቦች ነበሩ። በባዕድ አገር ደጃፍ ስለ ትዳር የሚነገር ውሸት ዛሬም ዋጋውን የሚያስከፍለው ሌላውን ሰው ነው፤ አገር ቤት የቀረችውን እውነተኛ ሚስት፣ በፎርም ላይ ስማቸው የተሰረዘውን ልጆች።

ጌታችን ቃላችን አዎን ከሆነ አዎን፣ አይደለም ከሆነ አይደለም ይሁን ብሎ አስተምሮናል (ማቴ. 5፥37)። በኢንተርቪው ክፍል ውስጥ ቀኝ እጁን አንስቶ የሚምል አማኝ ይህ ቃል እዚያም እንደሚሠራ ሊዘነጋ አይገባም። ችግሩ ጭንቅ ቢሆንም፣ የስደት ኑሮ መራራ ቢሆንም፣ እግዚአብሔር ለልጆቹ በውሸት በር ብቻ የሚያልፍ መንገድ አላዘጋጀም።

ወረቀት ጅራፍ ሲሆን

ሌላው ኃጢአት ከዚህ የባሰ ባይሆን አያንስም። ወረቀቷ በእጁ መሆኑን እያሰበ ሚስቱን የሚመታ፣ ደመወዟን የሚቀማ፣ ስልኳን የሚደብቅ፣ ከጉባኤ የሚያስቀር ባል አለ። በሚስት እንዲህ የሚደረግበት ባልም አለ። ተበዳዩ ዝም የሚለው «ከተናገርኩ ያስባርሩኛል» ብሎ ነው።

ወገኖቼ፣ ይህን በደንብ እንወቅ። ጉዳዩ ገና ካላለቀ ያመለከተው ሰው ማመልከቻውን ሊያነሳ ይችላል፤ የወጣን ግሪን ካርድ ግን ባል ወይም ሚስት ተነስቶ ሊነጥቅ አይችልም። ማመልከቻውን ቢያነሳም የተበደለው ሰው መንገድ አለው። እ.ኤ.አ. በ1994 በወጣው በሴቶች ላይ የሚደርስን ጥቃት የሚከላከል ሕግ መሠረት በዜጋ ወይም በግሪን ካርድ ባለቤት የትዳር ጓደኛ ድብደባ ወይም ከባድ ጭካኔ የደረሰበት ሰው አይ-360 በተባለ ፎርም በራሱ ስም ማመልከት ይችላል። የሕጉ ስም ሴቶችን ቢጠራም ወንዶችም ይጠቀሙበታል። መሥሪያ ቤቱ ጉዳዩን ለበዳዩ አይገልጥም። ከጥቃቱ ጋር በተያያዘ ፍቺ ከተፈጸመም በ2 ዓመት ውስጥ ማመልከት ይቻላል።

የ2 ዓመቱን ካርድ የያዘ ሰውም ቢሆን ትዳሩ በፍቺ ካበቃ ወይም ጥቃት ከደረሰበት፣ ጋብቻውን በእውነት የፈጸመው መሆኑን አስረድቶ አይ-751ን ብቻውን እንዲያስገባ ሕጉ ይፈቅዳል። የዜጋ ባሏ ወይም ሚስቱ የሞተበት ሰውም ከሞቱ በኋላ በ2 ዓመት ውስጥ ለራሱ ማመልከት ይችላል፤ እ.ኤ.አ. ከ2009 ወዲህ ጋብቻው 2 ዓመት የሞላው መሆን አለበት የሚለው ቀርቷል።

የቤተ ክርስቲያን መሪዎች ሆይ፣ የተመታች እኅት ስትመጣ «ታገሺ፣ ጸልዪ» ብቻ ብለን ወደ ተደበደበችበት ቤት አንመልሳት። ጸሎቱ ይኑር፤ ከጸሎቱ ጋር ግን የምታርፍበት ቤትና የምታማክረው ጠበቃ ይፈለግላት። ባል ሚስቱን ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያንን እንደወደደ እንዲወድ ታዝዟል (ኤፌ. 5፥25)። ክርስቶስ ራሱን ሰጠ እንጂ ያዳናቸውን በወረቀት አላስፈራራም።

ለመሪዎችና ለሽማግሌዎች

ከላይ ካየነው የሚከተሉትን ተግባራዊ ነጥቦች እንያዝ።

1. የምንጽፈው ደብዳቤ ምስክርነት ነው። ያየነውን ብቻ እንጻፍ፤ መቼ እንደተጋቡ፣ ስንት ጊዜ አብረው እንደምናያቸው፣ በየትኛው አገልግሎት እንደሚሳተፉ። ያላየነውን «አብረው በሰላም ይኖራሉ» ብለን በቤተ ክርስቲያን ማኅተም ከጻፍን በሐሰት መመስከራችን ነው።

2. በጋብቻ ምክር ጊዜ የወረቀት ጉዳይ በግልጽ ይነሳ። «ወረቀት ባይኖር ታገባታለህ? ወረቀቱ ቢዘገይ ትጠብቂዋለሽ?» ብለን ሁለቱንም ለየብቻ እንጠይቅ። መልሱን ለመስማት የምንፈራ ከሆነ ገና ለሠርጉ አልደረስንም።

3. አገናኝ ደላላ አንሁን። ሰውን ከሰው ማስተዋወቅ መልካም ነው፤ ገንዘብ የገባበት ማስተዋወቅ ግን ንግድ ነው።

4. የሕግ ምክር ከፎርም ሞዪ፣ ከትራንስሌተር ወይም «እኔ አልፌበታለሁ» ከሚል ወዳጅ አይወሰድ። በአሜሪካ በኢሚግሬሽን ጉዳይ ምክር ለመስጠት የተፈቀደላቸው ጠበቆችና በፍትሕ መሥሪያ ቤቱ ዕውቅና የተሰጣቸው ወኪሎች ናቸው። አቅም ለሌላቸው በነጻ ወይም በአነስተኛ ክፍያ የሚያገለግሉ ድርጅቶች ስላሉ በየከተማችን ያሉትን አድራሻዎች በቤተ ክርስቲያን ቢሮ እናስቀምጥ።

5. በውሸት የገባ ወይም በውሸት ያለ ሰው ወደ እኛ ሲመጣ በሩን አንዝጋበት። ንስሐ የሚገባ ሰው መጀመሪያ ከእግዚአብሔር ጋር፣ ቀጥሎም ከጠበቃ ጋር ይነጋገር። እውነቱ ዋጋ ሊያስከፍለው እንደሚችል ሳንደብቅ፣ ዋጋውን ብቻውን እንዳይከፍል አብረነው እንቁም።

ውድ አንባቢያን፣ ሩት ከሞዓብ ወጥታ በቤተ ልሔም ሕዝብ መካከል ቦታ ያገኘችው በጋብቻ ዝምድና ነበር። ባሏ ሞቶ ዝምድናው ምንም ጥቅም የማያስገኝ በመሰለ ጊዜ እንኳ ከአማቷ አልተለየችም። መዋደዷ ከጥቅም በላይ መሆኑን አገሩ ሁሉ አወቀ። መጻተኞች የሆንን እኛም በሰው አገር ደጃፍ ስንቆም ትዳራችን እንዲህ ሲመረመር እውነት ሆኖ ይገኝ። እግዚአብሔር በናፍቆት የተለያያችሁትን ያገናኝ፤ በፍርሃት የምትኖሩትን ነጻ ያውጣ፤ ትዳራችሁንም ይባርክ።